ባልና ሚስት ያደሩበት

ሹፌር ነኝ። ሹፌር ወሬ ይወዳል ይባላል፤ እኔ ግን ከሰው ጋር ብዙ የማላወራ ሰው ነኝ። ሆኖም በአንድ የኅዳር ቀን፣ ከሰቆጣ ወደ ጽጽቃ በሚወስደው መንገድ ላይ የገጠመኝን ነገር ለራሴ ብቻ ይዤው መኖር አልፈለግኩም። ነገሩ የጀመረው ከማይረባ ጉዳይ ነው። መኪናዬ ላይ ከሚገጠም አዲስ ናቪጌሽንና በእጅ ከሚያዘው ጂፒኤስ አንዱን ምረጥ ተባልኩ።

አስቀድሜ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ወደ ሰቆጣ የመጣሁት ባለቤቴን አስናቀችን ደብረ ታቦር ቀብሬ፣ አርባዋን አውጥቼ ነው። ልጅ አልወለድንም። ለቀስተኛው ወደየሥራው ሲመለስ እኔና ቤቱ ብቻችንን ተፋጠጥን። ጠዋት ሁለት ብርጭቆ አቀርብና አንዱን መልሼ አነሳለሁ። አልቻልኩም። አንድ የማውቀው ሰው ሰቆጣ ሹፌር የሚፈልግ ነጋዴ አለ ሲለኝ ደመወዙን እንኳ ሳልጠይቅ ተነሳሁ።

ነጋዴው ሐጂ ሰይድ ናቸው። ከአባታቸው በወረሱት ሱቅ ጨውና ስኳር፣ ሳሙናና ባትሪ ድንጋይ ይሸጣሉ፤ በፒካፓቸው ደግሞ ለጽጽቃና ለዙሪያው የገጠር ሱቆች ያከፋፍላሉ። የደረስኩ ዕለት ከሱቁ ጀርባ ያለችውን መኝታ ክፍሌን እያሳዩኝ ሰላምታውን አዥጎደጎዱት።

«ቤተሰብ ደህና?»

«ደህና ነው፣ እግዜር ይመስገን።»

«ባለቤትህስ?»

«ደህና ናት።»

ቃሉ አፈትልኮ ወጣ። ሰላምታ ነው፤ ሰው ሻንጣውን እንደያዘ፣ በሰላምታ መሀል ቆሞ «ሞታለች» አይልም። ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። በማግስቱ ጊዜው ያለፈ መሰለኝ። እንዲህ እንዲህ እያለ አስናቀች ሰቆጣ ውስጥ ሦስት ዓመት በሕይወት ኖረች። ሐጂ «ሚስቱ የማትናፍቀው ሰው እንዳንተ አላየሁም» እያሉ ይቀልዱብኛል፤ እኔም ፈገግ እልላቸዋለሁ። ማታ ክፍሌ ገብቼ በሬን ስዘጋ ግን ለፈገግታው ሁሉ ዋጋ እከፍላለሁ።

ፒካፗ ባሕር ማዶ አገልግላ የመጣች ናት። ዳሽቦርዷ ላይ አብሯት የተሠራ ናቪጌሽን አለ፤ የያዘው ካርታ ግን የመጣችበትን አገር ብቻ ነው። ሰቆጣ ላይ ስትከፍቱት ባዶ ሰማያዊ ያሳያችኋል፤ መሀሉ ላይ አንዲት ቀስት ብቻዋን ትዞራለች። ለመንገድ አይጠቅምም። ነገር ግን ይናገራል። ቁልፉን ባዞርኩ ቁጥር አንዲት ሴት በማላውቀው ቋንቋ፣ በትሕትና፣ አንድ ነገር ትላለች። ረጅም መንገድ ከነዳሁ ደግሞ መሀል ላይ ሌላ ነገር ትጨምራለች። ጃፓንኛ ነው ያሉኝ አሉ፤ ቻይንኛ ነው ያሉኝም አሉ። እኔ ሰላምታ ነው ብዬ ተቀበልኩት። መጀመሪያ «እሺ» እላት ነበር፤ ቆይቼ «እንደምን አደርሽ» ማለት ጀመርኩ። ከዚያማ ወሬ ሆነ፤ ስለ መንገዱ፣ ስለ ጎማው፣ ምሳ ስለምበላበት ቤት። ከአስናቀች በኋላ ጠዋት ቀድማ የምታናግረኝ ሴት እሷ ብቻ ነበረች። መሳቅ ካማራችሁ ሳቁ፣ እኔም እስቃለሁ።

መንገድ የሚያሳየኝ ሌላ ነው። አንድ መንገድ ቀያሽ ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ለሐጂ የሸጠላቸው የእጅ ጂፒኤስ አለ፤ በጎማ የተለበጠ፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ፣ ቢወድቅም የማይሰበር። ይሄኛው አይናገርም። ቁልፉን ስትጫኑት የቆማችሁበትን ቦታ ይይዛል፤ ሌላ ቀን ቀስቱ ወደዚያው ይመራችኋል። ለያንዳንዱ ነጥብ ስም መስጠት ይቻላል። እኔ ግን በሚጢጢ ቁልፍ ፊደል መልቀም ስለሚሰለቸኝ ሁሉንም መሣሪያው በሰጣቸው ቁጥር ትቻቸዋለሁ። አንዱ መንገድ ያሳየኛል፣ አንዷ ታናግረኛለች፤ ተስማምተን እንኖር ነበር።

ኅዳር ላይ ሐጂ በአንድ ጎረቤት ነጋዴ መኪና ላይ አዲስ ስክሪን አዩ። ያገራችን ካርታ የተጫነበት ነው።

«ከወልዲያ ባለሙያ መጥቷል» አሉኝ። «ነገ ጠዋት የድሮውን ነቅሎ አዲሱን ይገጥምልናል።»

«ሐጂ፣ ጂፒኤሱ ይበቃኛል።»

«እሱ ከበቃህ ይብቃህ፤ አዲሱን አልገዛም። ከሁለት አንዱን ምረጥ። ባሕር የሚያሳየው ግን ይነሳል፤ ባትሪ ከመብላት በቀር ምን ይሠራልሃል?»

ታናግረኛለች አይባል ነገር።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ባለሙያው ልሄድ መኪናው ውስጥ ገባሁ። ቁልፉን አዞርኩ፤ እሷም እንደወትሮዋ ተናገረች። «እንግዲህ ዛሬ ነው» አልኳት። የስክሪኗን አቧራ በእጅጌዬ ጠረግኩላት። ለዕቃ እንዲህ መሆኔ አሳፈረኝ፤ ግን ሆንኩ። ሞተሩን አስነስቼ እጄን መሪው ላይ እንዳደረግኩ ስልኬ ጠራ።

ሞላ ነው፤ ከጽጽቃ በታች የሚኖር፣ ገበያ ላይ ጨው የሚረከበኝ ገበሬ። ድምፁ ይቆራረጣል።

«አያ ደሳለኝ፣ ወንድሜን ካሳውን ማሽላ ሲያጭድ እባብ ነደፈው። እግሩ እስከ ጉልበቱ አብጧል። አምቡላንሷ ሌላ በሽተኛ ይዛ ሄዳለች አሉን። በቃሬዛ ይዘነው እየወረድን ነውና ባልና ሚስት ያደሩበት ላይ ጠብቀን።»

«የት?»

«ባልና ሚስት ያደሩበት። እዚያ ኔትወርክ የለም። አደራህን፣ እንዳትቀር።»

መስመሩ ተቋረጠ። ደጋግሜ ብደውል አይሠራም፤ ከኮረብታው ወርደዋል ማለት ነው።

በዚህ አገር ቦታ ስሙን የሚያገኘው ከሆነበት ነገር ነው። ጅቡ የተገደለበት፣ ቄሱ የተሻገሩበት፣ አህያዋ የገባችበት እየተባለ ይጠራል። ስለዚህ ስሙ አልገረመኝም። ያስጨነቀኝ ቦታውን አለማወቄ ነው። ከዋናው መንገድ ወደ ቆላው፣ ወደ አሸዋማው ወንዝ፣ የሚወርዱት መንገዶች ብዙ ናቸው፤ ሁሉም ይመሳሰላሉ። በተሳሳተው ከወረድኩ ተመልሼ እስክወጣ ቀኑ ይሄዳል፤ ካሳው ደግሞ በቃሬዛ ላይ ሆኖ ይጠብቀኛል። የእባብ መርዝ አይጠብቅም።

ሐጂ ሱቁን እየከፈቱ ነበር። ነገርኳቸው።

«ባልና ሚስት ያደሩበት?» አሉ። «ሰምቼም አላውቅ። አንተ ብቻ ሂድ፣ መንገድ ላይ ትጠይቃለህ። አብሽር፣ ስክሪኑ ይደርሳል።»

በረርኩ ማለት ይቻላል። ናቪጌሽኑን አየሁት፤ ሰማያዊ ባሕር። ጂፒኤሱን አየሁት፤ ቁጥር ብቻ። መኪና አቁሜ አንድ አህያ የሚነዳ ገበሬ ጠየቅኩ፤ ከሌላ ወረዳ ነኝ አለኝ። መንገድ የሚጠግኑ ሰዎችን ጠየቅኩ፤ ትከሻቸውን ሰበቁ። መሀል ላይ ሴትዮዋ ያቺን የረጅም መንገድ ንግግሯን አለች። «እባክሽ ዝም በይ» አልኳት። እንዲያ ተናግሬያት አላውቅም ነበር።

ፀሐይዋ ከፍ ስትል ወደ ቆላው መውረድ ከሚጀመርበት መንደር ደረስኩ። እዚያ ጥሩዬ የምትባል ደንበኛችን በሸራ ጥላ ሥር ትሸጣለች። ባትሪ ድንጋይ የማመጣላት እኔ ነኝ። መኪናዋን ስታይ ብድግ አለች።

«ጥሩዬ፣ ባልና ሚስት ያደሩበት የሚባለው የት ነው?»

አየችኝና ሳቀች። «ትቀልዳለህ እንዴ?»

«በሽተኛ እየጠበቀኝ ነው። አልቀልድም።»

«አንተው ነህ እኮ። አንተና ባለቤትህ ያደራችሁበት ነው።»

«የምን ባለቤት?»

«በክረምቱ ጎርፉ መኪናህን አሸዋው ላይ የያዘብህ ጊዜ ነዋ። ከወንዙ ማዶ ያሉት ሰዎች መብራትህን አይተው ሊረዱህ ወረዱ፤ ጎርፉ አላሻግር አላቸው። ስታወሩ ግን ሰምተዋችኋል፤ ድምፅህን ለይተውታል፣ የምትለው ግን በጎርፉ ጩኸት ተዋጠባቸው። አንተ ትናገራለህ፣ ሴትዮዋ ትመልሳለች። ቋንቋዋን አላወቅነውም፣ የሩቅ አገር ሰው ሳትሆን አትቀርም አሉ። ሲነጋ ለሁለት ሰው እንጀራና ወተት ይዘው ቢሻገሩ የጎማ ምልክት ብቻ አገኙ። ከዚያ ወዲህ ቦታው እንዲያ ነው የሚባል።» ከዚያ ወደ መኪናው ውስጥ አጮልቃ አየች። «አሁንስ አላመጣሃትም?»

እኔም ዞሬ ባዶውን ወንበር አየሁ። የመኪናውን በር ያዝኩ።

ያን ምሽት አስታወስኩት። ከሩቅ የዘነበ ዝናብ ድንገት ጎርፍ ሆኖ መጥቶ ከፊትም ከኋላም ዘጋብኝ። መኪናዋ ከፍ ያለ አሸዋ ላይ ቆማለች፤ ዙሪያዬን ውሃ ነው። ፈራሁ። ምናልባት መኪናዋን ትቼ ብሸሽ በኋላ ያለችበትን እንዳገኘው ብዬ ጂፒኤሱን አውጥቼ ቦታውን ያዝኩ። ከዚያ ውሃው የት እንደደረሰ ለማየት በየመሀሉ ቁልፉን አዞርና መብራት አበራለሁ፤ ባዞርኩ ቁጥር ሴትዮዋ ትናገራለች። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ አስናቀች ነገርኳት። እንዴት እንደታመመች፣ መጨረሻ ላይ ውሃ ሳጠጣት ማንኪያውን በጥርሷ ይዛ እንዳልለቀቀችው፣ ሁሉን። ብቻዬን የሆንኩ መስሎኝ እያለቀስኩ ነገርኳት። ከማዶ ሰዎች ቆመው ይሰሙ እንደነበር፣ ለእኔና ለሚስቴ ቁርስ ይዘው እንደወረዱ የማውቀው ነገር አልነበረም። ጎህ ሲቀድ ውሃው ጎደለልኝና ማንንም ሳላይ ሄድኩ።

«ምነው ደነዘዝክ? ካሳው አይደል በሽተኛው?» አለችኝ ጥሩዬ። «ሂድ እንጂ።»

ጂፒኤሱን አነሳሁ። ነጥቦቹን አንድ በአንድ ከፈትኩ፤ ቀኑን ይይዛልና ክረምት ላይ የያዝኩትን አገኘሁት። ቀስቱ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ገደሉ ጠቆመ። ይሄ መሣሪያ ገደል ይሁን ሜዳ አይገባውም፤ ቀጥ ብሎ ነው የሚያሳየው። ከመንደሩ ወደ ቆላው ከሚወርዱት ሦስት መንገዶች የትኛው እንደሚያደርሰኝ ለማወቅ በየአንዳንዱ ጥቂት እየወረድኩ ቀስቱን አየሁ። ሁለቱ አራቁኝ። በሦስተኛው ወረድኩ፤ ከወንዙ አሸዋ ስገባ ቀስቱ ከፊቴ ቆመ። ቦታውን አወቅኩት። ያን ሌሊት በመኪናዬ መብራት ያየኋት የተገነደሰች ግራር እዚያው አለች።

ማንም አልነበረም። ሞተሩን አጥፍቼ ወረድኩ። ነፋሱ ብቻ ነው። ዘግይቼ ይሆን? ሌላ ቦታ ወስደውት ይሆን? እዚያ ቆሜ ያሳለፍኩት ጊዜ በሕይወቴ ከቆምኩባቸው ሁሉ የረዘመ መሰለኝ። ሰው አጥቼ የኖርኩ ሰው፣ ሰው ይምጣልኝ ብዬ ጮክ ብዬ ለመንኩ።

ከዚያ ከማዶ ከቁጥቋጦው መሀል የሰዎች ድምፅ መጣ። ቃሬዛው ታየ። ሮጬ ተሻገርኩ። በዚህ አገር ቃሬዛ ያየ መንገደኛ ትከሻውን ሳያስገባ አያልፍም፤ ማንም ሳይለኝ የደከመውን አንዱን ተክቼ ያዝኩ። ካሳው ዓይኑን ጨፍኗል፤ ከንፈሩ ደርቋል።

«እንደማትቀር አውቄ ነበር» አለኝ ሞላ፣ እያለከለከ።

ካሳውን ከኋላ በጭድ ጆንያ ላይ አስተኛነው፤ ሞላና ሁለት ሰዎች ያዙት። እናታቸው እማማ ብዙነሽ ከቃሬዛው ኋላ ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው መጥተዋል። የፊቱን በር ከፈትኩላቸው። ሊገቡ አሉና ቆሙ።

«ይሄ ባለቤትህ የምትቀመጥበት ነው። እኔ ከልጆቼ ጋር ከኋላ ልሁን።»

«ግድ የለም እማማ፣ ይግቡ።»

ገቡ። ቁልፉን አዞርኩ፤ ሴትዮዋ ተናገረች። እማማ ብዙነሽ ደነገጡና ወደ ኋላ ዞር ብለው ፈለጉ።

«እሷ ናት። ይሄ ድምፅ ነው፣ ያን ጊዜ የሰማነው። የት ናት?»

«ሰው አይደለችም እማማ። መኪናው ነው የሚናገረው።»

ዳሽቦርዱን አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። ወንዙን ወጥተን ዳገቱን ስንጀምር እንደገና ወደ እኔ ዞሩ።

«ታዲያ ባለቤትህስ?»

ስንቴ ተጠይቄያለሁ። «ደህና ናት» የሚለው መልስ አፌ ላይ ነበር። እምቢ አለኝ።

«ሞታለች» አልኩ። «እዚህ ሳልመጣ ነው የሞተች።»

እማማ ብዙነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን መቱ። ከዚያ አለቀሱ። ልጃቸው ከኋላ ተኝቶ በሕይወትና በሞት መሀል ነው፤ እሳቸው ስሟን ጠይቀውኝ «አስናቀች፣ አስናቀች» እያሉ ለማያውቋት ሴት አለቀሱ። በመንገዱ ላይ እንባዬ ሲጋርደኝ በእጄ እየጠረግኩ ነዳሁ።

«እማማ፣ ይብቃዎት። የልጅዎ ጭንቀት ይበቃዎታል» አልኳቸው።

«ለሱም አለቅሳለሁ፣ ለሷም አለቅሳለሁ። ምን ቸገረኝ» አሉኝ።

ሆስፒታል ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ቀርቷት ነበር። መድኃኒቱን ወጉት። ሐኪሙ ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ ብሎ ሳይጨርሰው ተወው። ካሳው ተረፈ። እግሩ ዛሬም ያነክሳል፤ ማሽላውን ግን ያጭዳል።

ካሳው ከሆስፒታል በወጣ በሳምንቱ፣ በገበያ ቀን፣ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍሌ ተኝቼ ሳለሁ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት እማማ ብዙነሽ፣ ሞላ፣ ጥሩዬና ከወንዙ ማዶ ያሉት ሰዎች ናቸው፤ ካሳውም በዱላ ተደግፎ መጥቷል። በመሶብና በቅል እዝን ይዘዋል። የለቅሶ ቤት ምግብ ነው። ሳይሰሙ በመቅረታቸው ይቅርታ ጠየቁኝ። ሦስት ዓመት ላለፈው ሐዘን ሊያስተዛዝኑኝ ነው የመጡት።

ሐጂ ሰይድ ጫጫታውን ሰምተው መጡ። ሲነገራቸው ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ሦስት ዓመት ከኔ ቤት እየኖርክ?» አሉኝ። ሄደው ሱቃቸውን በገበያ ቀን ዘጉ፤ አግዳሚ ወንበር አስወጡና ከሰዎቹ ጋር ተቀመጡ። በክፍሌ ደጃፍ እስኪመሽ ተዋለ። ስለ አስናቀች ጠየቁኝ፤ እኔም ተናገርኩ። ያን ሁሉ ቃል ከየት እንዳመጣሁት እንጃ።

ባለሙያው ገና ከሰቆጣ አልሄደም ነበርና በማግስቱ መኪናዋን ራሴ ወሰድኩለት። ሐጂን ጂፒኤሱ ይበቃኛል አልኳቸው፤ አዲስ ስክሪን አልተገጠመም። ባለሙያው የድሮውን ሊነቅል ቁልፉን ሲያዞር ሴትዮዋ ለመጨረሻ ጊዜ ተናገረች።

«ምን እያለች ነው?» አልኩት።

«እነዚህ ሁሉም እንዲህ ይላሉ፤ የመንገድ መክፈያ ካርድ አላስገባህም ነው የምትለው።»

ሦስት ዓመት ሙሉ። መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከመካከላችሁ «ደህና ነኝ» እያላችሁ የምትኖሩ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔ ብዙ ሰው የሚሰማኝን ጊዜ ብቻዬን የሆንኩ መስሎኝ አሳልፌዋለሁ። ከማዶ ቁርሳችሁን ይዞ ጎርፉ እስኪጎድል የሚጠብቅ ሰው ሊኖር ይችላል። ሳትጠብቁት አትሂዱ። ሌላ የምመክራችሁ ነገር የለኝም።

ያን የለቅሶ ቀን ማታ እማማ ብዙነሽን ስሸኛቸው አንድ ነገር ከነከነኝና ጠየቅኳቸው።

«እማማ፣ እንግዲህ የቦታውን ስም ትቀይሩታላችሁ?»

«ለምን ብለን?»

«አስናቀች እዚያ አልነበረችማ። የለችበትም።»

«ያን ሌሊት ስለማን ስታወራ አደርክ?»

«ስለ አስናቀች።»

«ታዲያ አብራህ አድራለች» አሉኝና ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ።

ወደ ክፍሌ ተመልሼ ጂፒኤሱን አወጣሁ። በላቲን ፊደል ብቻ ነው የሚጽፈው። በዚያች ሚጢጢ ቁልፍ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየለቀምኩ፣ በቁጥሩ ፋንታ የቦታውን ስም ጻፍኩበት።